የማትገራዋ ነጭ አይጥ

ደብረ ብርሃን የመጣሁት ለሥራ ነው። ተወልጄ ያደግሁት አዳማ፣ ሙቀት አገር ስለሆነ የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ፣ እጄን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ነው። የተቀጠርኩት በአንድ የማስተማሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ በረዳትነት ነበር። ብልቃጥ አጥባለሁ፣ ማይክሮስኮፕ እወለውላለሁ፣ ለተማሪዎች መለማመጃ የሚሆነውን ዕቃ አሰናዳለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ያሉትን ነጭ አይጦች የምቀልበው እኔ ነበርኩ።

አይጥ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጓዳ ውስጥ ሽው የምትለዋ ናት። እነዚህ ከእሷ ይለያሉ። ከመዳፍ ይተልቃሉ፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ዓይናቸው ቀይ ነው። ላቦራቶሪ ተወልደው እዚያው የሚያድጉ ስለሆኑ ሰው አይፈሩም። ቤታቸውን ሳጸዳ እጅጌዬ ላይ ወጥተው ያሸቱኛል፤ ኪሴ ውስጥ ምን እንዳለ ይፈትሻሉ።

አንዷ ብቻ አትለምድም ነበር። ገና ትንሽ ሳለች አንድ ተማሪ በወፍራም የቆዳ ጓንት ጭራዋን ይዞ ሲያነሳት አይቻለሁ። እየተወራጨች ጮኸች፤ እሱም ደንግጦ ለቀቃትና ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጅ ባየች ቁጥር ፀጉሯን አቁማ ጥግ ትይዛለች፤ የቀረበውን ጣት ሁሉ ትነክሳለች። የእኔንም አውራ ጣት ነክሳዋለች፤ ጠባሳው ዛሬም አለ።

መምህራኑ የያዙት ጥናት ሲያልቅ የተረፉት አይጦች ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ተላኩ። ተናካሿን ግን ተረካቢዎቹ አንወስድም አሉ። እንዲህ ያለ ወሳጅ ያጣ እንስሳ ሳይሰቃይ በመድኃኒት እንዲሞት ይደረጋል።

«ነገ ጠዋት እጨርሰዋለሁ» አሉኝ ኃላፊዬ የነበሩት መምህር። «አንቺ እዚያ መቆም የለብሽም።»

«ምን ሆና ነው?»

«ምንም አልሆነችም፤ ጤነኛ ናት። ምንም ነገር ተሰጥቷትም አያውቅም። ግን አትገራም።»

«ትገራለች» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ይገራታል?»

«እኔ።»

«የት?»

«ቤቴ።»

የሚቀልዱ ሰው አልነበሩም፤ እንደምቀልድም አልቆጠሩትም። ሌሎቹን መምህራን አነጋግረው ከሰዓት በኋላ ፈቀዱልኝ። «ካቃተሽ መልሰሽ ለእኔ አምጪያት» አሉኝ። «አዝንላታለሁ ብለሽ ሜዳ ላይ እንዳትለቂያት። የዚህ አገር ውርጭ አንድ ሌሊት አያሳድራትም።»

አዝኜላት ብቻ አልነበረም። «አትገራም» የሚለው ቃል እልህ አስያዘኝ። የፈራ ፍጡር ክፉ ነው ተብሎ ሲፈረድበት ዝም ብዬ ማየት አልሆንልህ አለኝ። በካርቶን አድርጌ፣ ካርቶኑን በነጠላዬ ሸፍኜ በባጃጅ ወደ ቤቴ ወሰድኳት። መንገዱን ሁሉ ካርቶኑን ስትቧጥጥ ሹፌሩ በመስተዋት ያየኝ ነበር።

ቤቴ የምለው አንድ ክፍል ነው። ግቢው የአንድ ቄስና የባለቤታቸው ነበር። ሁለቱም የአንኮበር ሰዎች ናቸው። ቄሱ ከተማው ውስጥ ባለ ደብር ያገለግላሉ፤ እማማ የምላቸው ባለቤታቸው ቤቱን፣ ግቢውንና ተከራዩን ይገዛሉ። ከኔ ክፍል ቀጥሎ፣ በዚያው በረንዳ ላይ፣ ከአገር ቤት መሬታቸው የሚመጣላቸውን ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ በጆንያ የሚደረድሩበት የእህል ክፍል አለ። እማማ አይጥን እንደ ግል ጠላታቸው ነው የሚያዩት። ስለዚህ እንስሳይቱ ሰው እስክትሆን ድረስ ዝም ልል ወሰንኩ። ከተገራች በኋላ አሳያቸዋለሁ አልኩ።

መጀመሪያ በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አደረግኋት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ክዳኑን ቦርቡራ አፍንጫዋን አውጥታ ጠበቀችኝ። ወዲያው ወደ አንድ ብየዳ ቤት ሄድኩና የሽቦ ቤት እንዲሠራልኝ በያጁን ጠየቅሁት።

«ለስንት ዶሮ ነው?» አለኝ።

«ለዶሮ አይደለም፤ ለአይጥ ነው።»

«እ! ወጥመድ በይኛ። ወጥመድ እኮ ተሠርቶ ይሸጣል።»

«ወጥመድ አይደለም። እንድትኖርበት ነው።»

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «አይጥ ነው ያልሽኝ እህቴ?»

«አዎ።»

«እንድትኖርበት?»

የሥራ ባልደረባውን ጠርቶ እንደገና እንድናገር አደረገኝ። ስቀው ሲያበቁ ግን ሥራውን አሳምሮ ሠራው። እግሯ ሽቦ ላይ ውሎ ሲያድር ይቆስላል ብዬ ስነግረው ወለሉን በላሜራ ሸፈነው፤ የምትወጣ የምትወርድበት ደርብ ጨመረበት፤ ለበሩም የምትገለበጥ ትንሽ መቀርቀሪያ አበጀለት። ይዤ ስወጣ ከኋላዬ «እንግዳሽ ከተመቻት መጥተሽ ንገሪን!» ሲል ሰማሁት። ነገሩ ፌዝ ቢሆንም ልቤ ውስጥ እሺ አልኩት።

ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ነገር ግን አስቸገረኝ። ከአናጢ ቤት ያመጣሁት ሰጋቱራ የባሕር ዛፍ ነበርና ሽታው አስነጠሳት። አንድ ጠዋት አፍንጫዋ ዙሪያ ቀይ ነገር አየሁ። ደም መስሎኝ እየሮጥኩ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ደም አይደለም አሉኝ፤ እነዚህ እንስሳት ሲጨነቁ ወይም ሲታመሙ ከዓይንና ከአፍንጫቸው እንዲህ ያለ ቀይ ፈሳሽ ይወጣቸዋል። ሰጋቱራውን ጠርጌ ጣልኩና የብርድ ልብስ ቁራጭ አነጠፍኩላት። ይሞቃታል ብዬ ደስ ብሎኝ ሳለ የተተረተረው ክር እግሯ ላይ ተጠምጥሞ አገኘሁት። ነክሳኝ፣ ደግማ ነክሳኝ፣ በጥፍር መቁረጫ ክሩን ቆረጥኩላት። ከዚያ ወዲያ የምጠቀመው የተቀዳደደ ወረቀትና ክር የማያወጣ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ሆነ። ለብርዱ ደግሞ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልዬ ከሽቦው ውጭ፣ ከምትተኛበት ጥግ አስደግፍላታለሁ። ሲመሽ ለራሴ ከማፈላው ውሃ መጀመሪያ የሚቀዳው የእሷ ነው።

መግራቱን የጀመርኩት ምንም ባለማድረግ ነው። ከሥራ ስገባ ወንበሬን ከሽቦ ቤቷ አጠገብ አድርጌ እራቴን እበላለሁ፤ ድምፄን እንድትለምደው የዋልኩትን እነግራታለሁ። ጠረኔን እንድታውቀው የለበስኩትን ሹራብ እጅጌ ቆርጬ ሰጠኋት፤ እሷም ጎትታ መኝታዋ አደረገችው። ቀስ እያልኩ ምግቧን በረጅም የእንጨት ማንኪያ ማቀበል ጀመርኩ። ስንዴ፣ ገብስ፣ የተቀቀለ ምስር፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ትበላለች፤ ነፍሷ ግን በማር ለተለወሰ በሶ ነው። በሶውን ማንኪያው ጫፍ ላይ አድርጌ፣ ከማቅረቤ በፊት ምላሴን ከላንቃዬ አላግቼ «ጠቅ፣ ጠቅ» አደርጋለሁ። ያ ድምፅ ሲሰማ በሶ እንደሚመጣ እንድታውቅ ነበር የፈለግሁት። አወቀችም። ጠቅ ስል ከሹራቡ እጅጌ ውስጥ ነጭ አፍንጫ ብቅ ማለት ጀመረ።

ከማንኪያ ወደ ጣት የተሸጋገርኩ ዕለት ነክሳኝ ደማሁ። እጄን አልሰበሰብኩም። እጄን ብሰበስብ መንከስ እንደሚያዋጣ ነው የምትማረው። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጥርሴን ነክሼ እጄን ባለበት አቆየሁት። ለቀቀች፤ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ቆይታ ተመልሳ በሶውን ላሰች። በሌላው ቀን ደግሞ ነከሰችኝ፤ ግን ጥርሷን አላጠበቀችም። እንዲህ እያልን ስንሄድ አንድ ቀን የድስት ክዳን ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንቋቋ፤ ያን ሁሉ ጊዜ የለፋሁበት ነገር በአንድ ድምፅ ተሰረዘ። እንደገና እጅ ስታይ ጥግ ያዘች። ወንበሬን መልሼ አጠገቧ አደረግሁና ከማንኪያው ጀመርኩ።

መጀመሪያ መዳፌ ላይ የቆመችው አንድ እሑድ ጠዋት ነው። የፊት እግሮቿን አስቀድማ፣ ጢሟ እየተንቀጠቀጠ ወጣች። እግሮቿ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበሩ፤ የሕፃን ጣት ይመስላሉ። በሶውን በሁለት እጇ ይዛ መዳፌ ላይ ቁጭ ብላ በላች። ጨርሳ ወዲያው አልወረደችም። ጥርሷን ቀስ አድርጋ ማፋጨት ስትጀምር የምትነክሰኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው ደስ ሲላቸው እንደሚያፋጩ ያወቅሁት። እኔ ግን ደስታዋን ሳላውቅም መሬት ተቀምጬ አለቀስኩ።

በዚህ መሃል ሁዳዴ ገባ። እኔ እጾማለሁ፤ እሷ ግን እያደገች ስለነበረች አልፎ አልፎ እንቁላል ያስፈልጋታል። በሁዳዴ ሰፈር ሱቅ ገብቶ አንድ እንቁላል መግዛት ቀላል አይደለም። ባለሱቋ እንቁላሉን በጋዜጣ ስትጠቀልል ፊቴን አላየችም፤ ለማን እንደሆነ ብነግራት ደግሞ የባሰ እንደሚሆን ስለገባኝ ዝም አልኩ። ከነገሩ ሁሉ የከፋው ሽታው ነው። የተቀቀለ እንቁላል ሲላጥ በረንዳውን ይሞላዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማማ በሬን አንኳኩ።

«ልጄ» አሉ፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው በሩ ላይ እንደቆሙ። «የሰው ጾም አይመለከተኝም። ግን ከታመምሽ ንገሪኝ፤ አባ ንስሐ አባትሽን ያነጋግሩልሽ። ካልታመምሽ ደግሞ...»

«እማማ፣ እንቁላሉን የምበላው እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን አለ እዚህ?»

መልስ ከመስጠት ይልቅ ወደ ጎን ብዬ አሳየኋቸው። የሽቦ ቤቱ ደርብ ላይ ነጭ አይጥ ቁጭ ብላ የእንቁላል አስኳል በሁለት እጇ ይዛ ትበላለች።

እማማ አልጮኹም። በስመ አብ ብለው ሦስት ጊዜ አማተቡ። «አይጠ መጎጥ!» አሉ በሹክሹክታ። «በሁዳዴ እንቁላል የምትበላ አይጠ መጎጥ! እኔ እህሌን ከአይጥ ለማዳን ወገቤ ሲቆረጥ አንቺ እዚህ ግድግዳ ተጋርተሽኝ ትቀልቢያለሽ?»

«እማማ፣ ይቺ ከነዚያ ጋር አትገናኝም። ከተወለደች ጀምሮ ሜዳ አይታ አታውቅም።»

«እንድታወጪያት ነው የምፈልገው።»

«ካወጣኋት ትሞታለች።»

«ይገባኛል። አውጫት።»

«እማማ፣ እሷን ካወጣሁ አብሬ መውጣቴ ነው። ሌላ ቤት እፈልጋለሁ፤ ጊዜ ይስጡኝ።»

እንዲህ እንደምል እኔም አላሰብኩም ነበር። እማማ ትክ ብለው አዩኝና ወደ ቤታቸው ገቡ። ማታ ቄሱ ከኪዳን ሲመለሱ ነገሩ ሲነገራቸው ከግድግዳው ማዶ ይሰማኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቄሱ በረንዳው ላይ ጠበቁኝ።

«እስቲ አሳይኝ» አሉ። አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ካዩዋት በኋላ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ኖኅም አስገብቷታል» አሉ።

«ኖኅ እህል ቤቱን ከሷ ጋር አላዋሰነም» አሉ እማማ።

በመጨረሻ የተስማማነው ይህን ነው፦ ከክፍሌ አትወጣም፤ የእህል ክፍሉን ደፍ ከረገጠች ያን ቀን ሁለታችንም ግቢውን እንለቃለን። እሺ ብዬ እጅ ነሳሁ።

ከዚያ ወዲያ ትምህርቱን አጠበቅሁት። ጠቅ ስል የትም ብትሆን ወደ እጄ እንድትመጣ፣ ሽንቷን ጥግ ባለው ዝርግ ሣህን ላይ ብቻ እንድትሸና፣ መርፌ ከሌለው ስሪንጅ ማር በውሃ እንድትልስ አስተማርኳት። ስሪንጁ ለጨዋታ አልነበረም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ መድኃኒት በግድ ሲሰጣቸው ስንት እንደሚታገሉ ስላየሁ፣ ቀን ቢመጣባት እንዳትፈራው ብዬ ነው። ለብቻዋ መሆኗ ያሳስበኝ ነበር፤ እነዚህ እንስሳት ጓደኛ ይፈልጋሉ። ጓደኛ ላመጣላት ስለማልችል ከሥራ የምመለስበትን ሰዓት አላዛንፍም፤ ስገባም መጀመሪያ ትከሻዬ ላይ አወጣትና እሷን ይዤ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ልብስ አጥፋለሁ።

እማማም መምጣት ጀመሩ። አይገቡም፤ በሩ ላይ ይቆማሉ። «ዛሬ ምን ተማረች?» ይላሉ፣ በንቀት ለመጠየቅ እየሞከሩ። አንድ ቀን በሶውን ስትለምን፣ በሁለት እግሯ ቆማ ሽቦውን ስትይዝ አዩና «በሶ እንዲህ ትወዳለች?» አሉኝ። «ከምንም በላይ» አልኳቸው።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ላቦራቶሪ ለፈተና ዕቃ እያሰናዳሁ ስልኬ ጠራ። እማማ ስልክ ደውለውልኝ አያውቁም።

«ልጄ፣ አሁን ነይ» አሉ። ከድምፃቸው ኋላ ዝናብ ይሰማል። «ያቺ... ያንቺዋ ወጥታለች።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። በረዶ ቀላቅሎ ዝናብ ሲጀምር መስኮቴ ክፍት መሆኑን አይተው፣ አልጋዬ እንዳይርስ ብለው በትርፉ ቁልፍ ከፍተው ገቡ። ያቺ በያጁ ያበጃት መቀርቀሪያ ከመነካካት ብዛት ላልታ ኖሮ አይጧ ራሷ ገልብጣ ወጥታለች። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው በርግጋ በእማማ እግሮች መካከል ሾልካ በረንዳውን ይዛ ሄደች፤ በእህል ክፍሉ በር ሥርም ገባች።

«እየመጣሁ ነው» አልኩ።

«ስሚኝ እንጂ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «ጠዋት መርዝ አኑሬያለሁ። በበሶ ለውሼ። ያንቺዋ ስትወደው አይቼ ነው፤ ለነዚያ ለሌቦቹ ብዬ።»

የነበርኩበትን ጥዬ ሮጥኩ። ባጃጅ አጥቼ ግማሹን መንገድ በበረዶው መሃል በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ እማማ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው፣ የእህል ክፍሉን በር ዘግተው ውስጥ ናቸው። ከጆንያዎቹ ግማሹን ብቻቸውን ጎትተው አንስተዋል። ወገባቸውን እንደሚያማቸው የማያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም።

«የት የት ነው ያኖሩት?»

«እዚያ ጥግ የነበረውን አነሳሁት፤ አልተነካም። ከበሩ ኋላ ያለውንም አነሳሁ። ከመደርደሪያው ሥር ያለው አልደርስበት አለኝ።»

ጠቅ፣ ጠቅ አልኩ። በረዶው ቆርቆሮው ላይ ይፈርጣል፤ የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማውም። ቄሱ ጃንጥላቸው እየተንጠባጠበ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ሚስታቸው አቧራ ውስጥ ተቀምጠው፣ እኔ በሆዴ ተኝቼ ክንዴን መደርደሪያው ሥር ሰድጄ አገኙን። ጃንጥላውን ጣል አድርገው ባትሪ አምጥተው አበሩልኝ። ሣህኑን በጣቴ ጫፍ ስቤ አወጣሁት። የበሶው ጠርዝ ተግጧል።

እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የጋጠችው እሷ ትሁን ወይ የጓዳ አይጦቹ፣ ከሦስታችን የሚያውቅ አልነበረም።

«አሁን ዝም እንበል» አልኩ። «በረዶው እስኪያባራ ማንም አይንቀሳቀስ። ከተንቀሳቀስን የበለጠ ትገባለች።» ቄሱን «ባትሪውን ያጥፉት አባ» ስላቸው እሺ ብለው አጠፉ። ተቀመጥን። የተማረችው ትምህርት እንዳልጠፋ ለራሴ እነግረው ነበር። ድስት ክዳን ሲወድቅ ጠፍቶ ያውቃል፤ እንደገና መጥቷል። በረዶው ወደ ዝናብ፣ ዝናቡ ወደ ካፊያ ሲለወጥ መዳፌን ወለሉ ላይ ዘርግቼ ጠቅ፣ ጠቅ አልኩ። ዝም። ደገምኩ። ከባቄላው ጆንያ ኋላ አንድ ነገር ኮሽ አለ። ነጭ አፍንጫ ወጣ፤ ከዚያ የሸረሪት ድር የተጠመጠመበት ጢም። እየተንቀጠቀጠች፣ ወለሉን እየታከከች መጥታ መዳፌ ላይ ወጣች፤ ቀጥታ እጅጌዬ ውስጥ ገባች። ጢሟ ላይ ዱቄት ነበር።

እማማ የመርዙን እሽግ ከጓዳ አምጥተው ሰጡኝ። «ለሐኪሙ አሳዪው» አሉ። «እኔም እመጣለሁ።»

የከተማው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ በር ላይ ከጣርማ በር በግ አስጭኖ የመጣ ገበሬና ላም የያዙ ሴት ወረፋ ይጠብቁ ነበር። እማማ ማንንም ሳይጠይቁ «ነፍስ ይዘናል፣ አሳልፉን» አሉ። በግ የያዘው ሰውዬ ምን እንደያዝን ሲያይ አፉን ከፈተ፤ ቢሆንም አሳለፈን። ሐኪሙ ወጣት ነበር። እሽጉን አገላብጦ አነበበና ፈገግታው ጠፋ።

«ይሄ ዓይነት ወዲያው አይገድልም» አለ። «ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ከቀናት በኋላ ነው በውስጥ የሚደማው። በልታ ከሆነ መድኃኒቱ ቫይታሚን ኬ ነው። ከሰው ፋርማሲ ታገኛላችሁ። ሳታቋርጡ ለሳምንታት መስጠት አለባችሁ። ችግሩ ትንሽ ናት፤ በአፍ መስጠት...»

«ከስሪንጅ ትጠጣለች» አልኩት። አላመነኝም። ስሪንጅ ውስጥ ጠብታ ውሃ አድርጎ ሰጠኝ፤ ከእጅጌዬ አንገቷን አውጥታ፣ በሁለት እጇ ጫፉን ይዛ ጠጣች። ሐኪሙ ላም የያዙትን ሴት ጠርቶ «እስቲ ይሄን ይመልከቱ» አላቸው። መጠኑን በክብደቷ ልክ አስልቶ ነገረኝ።

መድኃኒቱን በማር ለውሼ አንድም ጊዜ ሳላጓድል ሰጠኋት። ጠዋት ጠዋት ድዷንና የእግሯን መዳፍ አያለሁ፤ ገርጥቶ እንዳይሆን። መኝታ ጨርቋን እያራገፍኩ የደም ነጠብጣብ እፈልጋለሁ። ኃላፊዬ መምህር ሰዓት እያለፈኝ ብመጣ ዝም አሉኝ። እማማ በየጠዋቱ በሩ ላይ ይቆማሉ። ስምምነታችንን አስታውሼ ቤት እንደምፈልግ ስነግራቸው ተቆጡ። «ደፉን የረገጠችው በርሽን የከፈትኩት እኔ ሆኜ ነው። ዝም ብለሽ መድኃኒቷን ስጪ።»

አልሞተችም። በሶውን በልታ ይሁን ሳትበላ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። መድኃኒቱ ሲያልቅ ሐኪሙ ዘንድ መልሼ ወሰድኳት፤ ጤነኛ ናት አለኝ። ወደ ብየዳ ቤቱም ሄጄ መቀርቀሪያውን በጠንካራ አስቀየርኩ። «ተመቻት?» አለኝ በያጁ። «በጣም ተመችቷት ከፍታው ወጣች» ስለው እንደገና ባልደረባውን ጠራው።

እማማ ነጯን ነክተዋት አያውቁም፤ አሁንም ጭራዋ ይዘገንናቸዋል። መርዝ ማኖር ግን ተዉ። ድመት ሊያመጡ አስበውም «ያንቺን ትበላብኛለች» ብለው ቀሩ። በመጨረሻ ክዳን ያላቸው በርሜሎች አስመጡና እህሉን ከጆንያ ወደ በርሜል እኔና እሳቸው ስንገለብጥ ዋልን። ባቄላው ሲንዠቀዠቅ አቧራው ሁለታችንንም አስነጠሰን።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ዓመት አልፎ አሁን ነጯ አርጅታለች። የዚህ ዓይነት አይጥ ዕድሜው አጭር ነው፤ ስወስዳትም አውቀው ነበር። የኋላ እግሮቿ ደክመዋል፣ ይጎተታሉ። ደርቡን አውልቄ ሁሉንም ነገር ወለሉ ላይ አድርጌላታለሁ። ጠንካራ እህል ስለማትችል ገብሱን አብስዬ፣ ምስሩን የታኘከ እስኪመስል አድቅቄ እሰጣታለሁ። ራሷን ማጽዳት ስላቃታት ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ ውሃ የኋላ እግሮቿን አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ ደረቴ ውስጥ አድርጌ አሞቃታለሁ። ጠቅ ስል አሁንም ትመጣለች፤ ብቻ ብዙ ቆይታ ነው የምትደርሰው። እጄን ዘርግቼ እጠብቃታለሁ። ሐኪሙ ሕመም ካየሁባት እንድነግረው ነግሮኛል፤ ያን ቀን ምን እንደማደርግ አስቤበታለሁ፣ አልፈራውም። እስከዚያው የእሷን ቀን አላሳጥርም፣ ሥራዬንም አላጓድልም።

ኅዳር ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለው ሣር ጠዋት ጠዋት በውርጭ ይነጣል። ዛሬ ጠርሙሱን ልሞላ ውሃ ይዤ በረንዳው ላይ ሳልፍ እማማ ከቤታቸው ደፍ ላይ ቆመው ነበር።

«አደረች?» አሉኝ።

«አድራለች እማማ» አልኳቸውና ገባሁ።